«ክቡ...» ብለው የቀሩት ዳይሬክተር

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ፊልሙ አለቀ። ዐሥራ አራት ደቂቃ። እኔ ያወጣሁለት ርዕስ «የእጅ ፓምፕ ጎማ አቀያየር» ነበር። ወይዘሮ ጥራት አይተውት «የንጹሕ ውሃ ብሩህ ነገ፦ የእጅ ፓምፕ ጎማ አቀያየር በተሟላ ጥራት» አደረጉት። ስማቸው ጥራት አይደለም። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያችን ናቸው። በአንድ ስብሰባ ላይ ሠላሳ አንድ ጊዜ «ጥራት» ሲሉ የቆጠርኩ ቀን በሆዴ ስም አወጣሁላቸው፣ በዚያው ቀረ።

ማሽኑ ፊልሙን አንድ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣው ኤክስፖርት ላይ አድርጌ ሦስት ሰዓት ጠበቅኩ። ፎር ኬ፣ ቢትሬቱ (በየሰከንዱ የሚላከው መጠን) ሠላሳ አምስት ሺህ ኪሎቢት። ማሽኑ ከሚችለው ትልቁን መረጥኩ። ለምን ትንሽ እመርጣለሁ? ዘጠኝ ዓመት ለውሃ መሥሪያ ቤቱ ቪዲዮ ስሠራ እንዲህ ያማረ ወጥቶኝ አያውቅም። ውሃው በዝግታ ሲፈስ ጠብታው አንድ በአንድ ይቆጠራል።

መጀመሪያ የዳይሬክተሩ ንግግር፣ አራት ደቂቃ። ቀጥሎ ከድሮን የተነሣ ሣር፣ ዛፍ፣ ወንዝ። ከዚያ የሚሽከረከር ሎጎ። ከዚያ የሚፈስ ውሃ በሙዚቃ። ፓምፑ የሚመጣው ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ነው። ትንሽ ዘገየ እንዴ?... ምን ቸገረኝ። ያምራል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ በትልቁ አዳራሽ ታየ። ከድረ ገጹ ሳይሆን ከኔ ፍላሽ ላይ። ዳይሬክተሩ ስክሪኑ ላይ ግድግዳ አክለው «ክቡራንና ክቡራት!» ሲሉ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ዳይሬክተር ራሳቸውን ነቀነቁ። ከራሳቸው ጋር ተስማሙ ማለት ነው።

ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው። ደረቴን ነፋሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ደስታችንን የበጠበጠው አንድ ሰው ነው። የኮምፕዩተር ባለሙያችን። ሲፈልጉት ስለማይገኝ «ኔትወርክ» ነው የምንለው። ዛሬ ተገኘ።

«ሰዎቹ በምንድን ነው የሚያዩት?» አለ።

ወይዘሮ ጥራት ዞር ብለው፣ «በዓይናቸው ነዋ!»

ሳቅ። እኔም ሳቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ድረ ገጻችን ላይ ወጣ። አንድ ፋይል፣ ያው ትልቁ። ሕዝቡ ቪዲዮ የሚያይባቸው ሌሎቹ ገጾች ላይ እንዳንጭነው ዳይሬክተሩ ከልክለዋል፤ «ከሳሙና ማስታወቂያ ቀጥዬ አልናገርም» ብለው። እነዚያ ገጾች ግን መስመሩ ሲደክም ራሳቸው አሳንሰው ይልኩ ነበር። የኛው ከባዱን እንደከበደ ነው የሚልከው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

አክስቴ ደወለች። የእናቴ ታናሽ። ስልኳ የሚሠራው ከቤቷ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ስትወጣ ብቻ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ከድምፅዋ በፊት ትንፋሿን ነው የምሰማው።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? ያ ሰውዬሽስ ደህና ነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ስልኬ ውስጥ ያለው። ከረባት ያሰረው።»

ለካ የመንደራቸው ፓምፕ ከተበላሸ ስምንት ቀኑ ነው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እሷ ናት፤ መፍቻው ያለው እሷ እጅ፣ ወቀሳው የሚመጣው እሷ ራስ ላይ። እጀታው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ውሃ የለም። ውሃውን ስቦ የሚያወጣው ጎማ ማለቁን አውቃለች። መለዋወጫው አምና ተሰጥቷት ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። እንዴት እንደሚገባ ነው የማታውቀው። የአካባቢው መካኒክ አርባ ፓምፕ አለበት፣ ሞተር ብስክሌቱም ተበላሽታለች። ስለ ፊልማችን በሬዲዮ ስትሰማ ስልኳን ይዛ ኮረብታው ላይ ወጣች።

«ሩብ ሰዓት ጠብቄ ብቅ አለ። ‹ክቡ› አለ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ቀረ። ፊቱ ላይ ክብ ነገር መጣና ይሽከረከር ጀመር። ስለ ክቡ ሊያስረዳን መስሎኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።»

«አክስቴ፣ ‹ክቡራንና ክቡራት› ሊል ነው።»

«እኔ ክቡራቱ አልደረሱኝም። ክቡ ብቻ ነው የደረሰኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፀሐይ በረታና ወረድኩ። ዛሬም ወጥቼ አየሁት። አፉ እንደተከፈተ ነው። ዝንብ እንዳይገባበት ንገሪው።»

ሳቅኩ። ስትዘጋው ግን ሳቄ ጠፋ። ስምንት ቀን ውሃውን ከየት እየቀዱ ነው?... አልጠየቅኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ኔትወርክን ፍለጋ ሦስት ፎቅ ወጥቼ ወረድኩ። ምድር ቤት፣ ማሽኖቹ ክፍል ውስጥ ተገኘ። የአክስቴን ነገር ነገርኩት። ምንም ሳይል የድረ ገጹን መዝገብ ከፈተ። ፊልሙን የከፈተ ስልክ ሁሉ በምን ፍጥነት እንደደረሰው ተጽፏል። ለካ ይሄ ሁሉ እየተጻፈ ነበር። የሚያነበው እንጂ የሚጽፈው አልጠፋም።

«ያንቺ ቪዲዮ በሰከንድ ሠላሳ አምስት ሺህ ኪሎቢት ይፈልጋል» አለኝ። «አክስትሽ ኮረብታ ላይ የሚደርሳት ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። ሲደላት።»

«እና ዐሥራ አራቱን ደቂቃ ለማየት...»

መታ መታ አደረገና፣ «ሠላሳ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ቁርስ ይዛ ትውጣ።»

እሱ ቀጠለ። ከከፈቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚደርሳቸው ከአምስት መቶ በታች ነው። ከትንሽ ከተሞች የከፈቱት ሺህ፣ ሁለት ሺህ። ሠላሳ አምስት ሺሁን የሚችል አንድ ቦታ ብቻ አለ።

«የት?»

በጣቱ ወደ ጣሪያው ጠቆመ። እኛው ሕንጻ። ለራሳችን ነው የሠራሁት ማለት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

ሁለት ቀን ሙሉ ሳሳንስ ዋልኩ። ያንኑ ፊልም አምስት ቦታ። ለጥሩ መስመር አምስት ሺህ ኪሎቢት። ለመካከለኛው ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ቀጥሎ ሺህ። ቀጥሎ ስድስት መቶ። መጨረሻ ላይ ለአክስቴ ኮረብታ የምትሆን፣ ምስሏ ትንሽዬ፣ ሁለት መቶ። መስመሩ ሁለት መቶ ሃምሳ ከሆነ ቪዲዮው ራሱ ሁለት መቶ ሃምሳ መሆን የለበትም፤ ትንሽ መተንፈሻ ይቀራል። አለዚያ መስመሩ ትንሽ ባነከሰ ቁጥር ክቡ ይመጣል። (እኔም «ክቡ» ማለት ጀመርኩ!)

ኔትወርክ የስልኬን መስመር እንደ ኮረብታው አደከመልኝ። ከፈትኩ።

ጉድ ነው። ሣሩ ገንፎ ሆነ። ሎጎው ሲሽከረከር የተጨማደደ ወረቀት መሰለ። ያ ጠብታው የሚቆጠር ውሃዬ... አራት ማዕዘን ድንጋይ እየተንከባለለ። ልቅሶ ልቅሶ አለኝ። የሚገርመው መካኒኩ ፓምፑን ይዞ ቆሞ ሲናገር ያለው ቦታ ነው። ጥርት ብሎ ይታያል!

«ለምን?» አልኩት።

«ማሽኑ የሚልከው የተቀየረውን ብቻ ነው። ግድግዳ አንዴ ከተላከ ተላከ። ውሃ ግን በየቅጽበቱ አዲስ ነው። ሣርም ነፋስ ሲመታው እንደዚያው። ጠባብ መስመር ላይ ከውሃ የሚከብድ ነገር የለም።»

የውሃ መሥሪያ ቤት ነን እኮ። ውሃ የሌለበት ፊልም ሠርተን አናውቅም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ዓይኔን በጨው አጥቤ ወይዘሮ ጥራት ቢሮ ገባሁ። ዳይሬክተሩም እዚያው ተቀምጠዋል። ይሁን፣ አንዴ ገብቻለሁ። ትንሿን ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋቸው። ንግግሩን፣ ድሮኑን፣ ሎጎውንና ውሃውን አውጥተን ፓምፑን ብቻ ብንተው አልኩ።

ወይዘሮ ጥራት ስልኬን በሁለት ጣት ያዙት፣ የሞተ ነገር እንደሚይዙ። «ሎጎው ደብዝዟል።»

«አዎ፣ ለዚያ ነው እናውጣው ያልኩት።»

«ሎጎ የመሥሪያ ቤት ፊት ነው። ፊት ይወጣል?»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ሲያወልቁ ክፉ ነገር እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ለገጠሩ ሕዝብ ጥራት አይገባውም ነው የምትይው?»

«ኧረ ጌታዬ! እኔ ያልኩት...»

«ለከተማው ፎር ኬ፣ ለገጠሩ ጭቃ? ይሄ አድልዎ ነው። እኔ ባለሁበት አይደረግም። ለሁሉም እኩል!»

እኩል... ሁሉም እኩል እሳቸውን አፋቸው ተከፍቶ እንዲያዩዋቸው። ይሄን በሆዴ ነው ያልኩት።

ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። «የቢትሬት ጉዳይ አጥኚ ኮሚቴ»፣ ሰባት አባል፣ ሦስት ወር። እኔ የለሁበትም። ኔትወርክም የለበትም። የዳይሬክተሩ ሾፌር አለበት፤ ስለ ፍጥነት ያውቃል ተብሎ። (ቀልድ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤውን አየሁት።)

ዓርብ፣ ጥቅምት 24

አክስቴ። ዛሬ አልቀለደችም።

ውሃውን ከወንዙ እየቀዱ ነው። ከላይ በኩል ከብት ይጠጣበታል። የጎረቤቷ ትንሽ ልጅ ሦስት ቀን ተቅማጥ ይዟት ትናንት ወደ ጤና ጣቢያ ወስደዋታል። ተሸክመው፣ ሁለት ሰዓት መንገድ።

«እንደው በስልክ ንገሪኝ ልጄ። አንቺ ሠርተሽው የለ።»

«እሺ... መጀመሪያ ከላይ ያሉትን ሁለቱን ብሎኖች ትፈቺያለሽ። ከዚያ ክዳኑን... ሄሎ? አክስቴ?»

ተቋረጠ። መልሳ ደወለች። «ክዳኑን ምን?» አለች፣ እንደገና ተቋረጠ። አምስት ጊዜ እንዲህ ሆንን። ስድስተኛው ላይ፣ «ተይው በቃ። አንቺም እንደሰውዬው ሆንሽ» አለችኝና ወረደች።

እውነቷን ነው። ከሁሉም የባሰው ግን... አራተኛው ላይ ከክዳኑ ቀጥሎ ምን እንደሚፈታ እኔም አላውቅም ነበር። ሦስት ሳምንት የሠራሁት ፊልም! ስለ ጠብታው ሳስብ ፓምፑን አላየሁትም።

የዚያች ልጅ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

ማንንም አላስፈቀድኩም።

ጠዋት መካኒኩን ለመንኩት። በፊልማችን ላይ ያለው፣ የመሥሪያ ቤታችን አንጋፋ፤ ጋሼ ነው የምለው። ሳያቅማማ መጣ። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ የማሳያ ፓምፕ አለች። ከኋላዋ ያለውን መደርደሪያ በጨርቅ ሸፈንኩ፣ ጥቁር ግራጫ፣ አበባ የሌለው። ካሜራዬን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አቆምኩና እጄን አነሳሁ። መንቀሳቀስ የለም፣ መቅረብ መራቅ የለም።

«ጋሼ፣ ሸሚዙን ይቀይሩልኝ።»

«ምን አጠፋ?»

«መስመር መስመር ነው። መስመሩ ኪሎቢት ይበላል።»

«እኔ የሚበላ ሸሚዝ ለብሼ አላውቅም» እያለ ካኪ ቱታውን ደረበ።

መጀመሪያ ይናገራል፣ እጁን አያንቀሳቅስም። ከዚያ ዝም ብሎ ይሠራል፣ በዝግታ። ምስሉ ቢቆም እንኳ ድምፁ ቀድሞ ደርሷል። የላይኛው ብሎን። ክዳኑ። ዘንጉን ይዞ ወደ ላይ። ከታች ያለችው አሮጌ ጎማ። አዲሷ፣ ከንፈሯ ወደ ላይ። ከዚያ መመለስ ነው። በቃ!... ይሄን ያህል ነበር እንዴ?

አራት ደቂቃ። ለምስሉ መቶ ሃምሳ ኪሎቢት፣ ለድምፁ ሃያ አራት። ከአምስት ሜጋባይት ብዙም አያልፍ። ኤክስፖርቱ ውሃ ጠጥቼ እስክመለስ አለቀ። ዳይሬክተር የለም፣ ሎጎ የለም፣ ውሃ የለም።

ኔትወርክ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚኖረው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው፤ አገኘሁት። ከትልቁ ፊልም ሥር በትንሹ «መስመርዎ ደካማ ከሆነ ይህን ይጫኑ» ብሎ አስገባት፤ እኔም ለአክስቴ «ከሥር ያለውን ትንሹን ተጫኚ» ብዬ መልእክት ላክኩላት።

«ቢያዩትስ?» አልኩ።

«ማን? እዚህ ሕንጻ ውስጥ ከትልቁ ፊልም በታች ወርዶ የሚያይ ሰው አይቼ አላውቅም።»

እሁድ፣ ጥቅምት 26

ደወለች! ትንፋሿን ሳይሆን ጩኸት ነው የሰማሁት። ከኋላዋ ሴቶች ይጯጯኻሉ።

«መጣ! መጣ እኮ ልጄ!»

አራት ሆነው ኮረብታው ላይ ሁለት ጊዜ አዩት። አልቆመም። ከዚያ ወርደው ከጠዋት እስከ ምሳ ሲታገሉ ቆይተው ገባ። መጀመሪያ የወጣው ጭቃ ነበር፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ ንጹሕ። ልጅቷም ተሽሏታል፣ ነገ ትመጣለች።

«ሰውዬው ግን የለም» አለችኝ።

«አዎ፣ አወጣሁት።»

«ጎበዝ። ለሱም እኮ ዕረፍት ነው።»

አለቀስኩ። ለአምስት ሜጋባይት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሾፌሩ ነገረኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ከተወያዩ በኋላ ሰብሳቢው «ለመሆኑ ቢትሬት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ ተያዘ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ሾፌሩ ዳይሬክተሩንና ወይዘሮ ጥራትን ይዞ ከመስክ ተመለሰ። ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ለመናገር ሲሞክር እየሳቀ፣ እንባውን እየጠረገ... መጀመሪያ ሰው የሞተበት መስሎኝ ነበር።

የጎበኙት የነአክስቴን አካባቢ ነው። ከመኪናው ሲወርዱ ሕፃናቱ ከበቧቸው። «አቶ ክቡ! አቶ ክቡ መጡ!» ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ደስ አላቸው። የታወቁ መሰላቸው። እጃቸውን አወዛወዙ፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«‹ሕዝቡ ያውቀናል› አሉኝ» አለ ሾፌሩ። «በእውነትም ያውቃቸዋል!»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ በትሕትና ጠጋ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጌታዬ፣ ያን ጊዜ ‹ክቡ› ብለው አቋረጡን። እኛም ጠብቀን ጠብቀን ወረድን። አሁን አንዴ በአካል ከመጡ... ክቡን ምን እናድርገው?»

ዳይሬክተሩ አልገባቸውም። ወይዘሮ ጥራት በሹክሹክታ «የቀበሌው ችግር ይሆናል» አሏቸው። ያን ጊዜ መፍቻ የያዘች አንዲት ሴትዮ (አክስቴ፣ ሌላ ማን ትሆናለች!) «ይምጡ ላሳይዎ» ብላ ኮረብታው ላይ ይዛቸው ወጣች። በሚያበራው ጫማቸው። የራሳቸውን ስልክ አስወጥታ ፊልሙን አስከፈተቻቸው።

ሩብ ሰዓት ቆሙ፣ በፀሐይ። መንደሩ ሁሉ ከኋላቸው ቆሟል። በመጨረሻ ስልኩ ላይ ብቅ አሉ። «ክቡ» አሉ። ቀሩ። አፍ ተከፍቷል፣ አንድ ዓይን ግማሽ ተጨፍኗል። ክቡ ይሽከረከራል።

«ማንም አልሳቀም» አለ ሾፌሩ። «እሱ ነው የባሰው። ሁሉም ከልባቸው መልስ እየጠበቁ ነው።»

ሲመለሱ መኪና ውስጥ ወይዘሮ ጥራት እንኳ ጥራት አላሉም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ዳይሬክተሩ ዘንድ ተጠራሁ። ደረጃውን እየወጣሁ ዕቃዬን በምን ካርቶን እንደምሸከም ሳስብ ነበር።

መነጽራቸው ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ትንሿን ቪዲዮ ማን ፈቀደ?»

«ማንም።»

«ስንት ሰው አያት?»

«እስከ ትናንት ስድስት ሺህ ሦስት መቶ አርባ።»

«የኔንስ?... ትልቁን ማለቴ ነው።»

«እስከ መጨረሻው ያዩት ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት። ከነሱ ውስጥ ሁለት መቶ አራቱ እዚህ ሕንጻ ውስጥ ናቸው።»

መስኮቱን አዩ። የፈራሁት ቁጣ አልመጣም፤ እንዲያውም አሳዘኑኝ። ኮረብታ ላይ ቆመው ራሳቸውን የጠበቁ ሰው ናቸው።

«በትንሿ ውስጥ እኔ የለሁም።»

«የሉም ጌታዬ።»

«የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚከብደው አሉኝ።»

«አዎ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እና... ባልንቀሳቀስስ? እንደ ግድግዳ ቀጥ ብል፣ ስንት ይበላል?»

መሳቅ ፈልጌ ነበር። ግን ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እኔም ከልቤ መለስኩ። «ምንም ያህል አይበሉም። አፍዎን ካልከፈቱ።»

አልቀጡኝም። አላመሰገኑኝምም። ስወጣ «በሩን ዝጊው» ብቻ አሉኝ። ካርቶኑ ቀረ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 26

ኮሚቴው ሦስት ወሩን ሳይጨርስ ውሳኔ አወጣ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ከእንግዲህ የሥልጠና ቪዲዮ ሁሉ በአምስት መጠን ይወጣል፣ ትንሿ ቀድማ ትሠራለች። ስሟም ወጥቶላታል፦ «የዳይሬክተሩ የቀላል ምስል ዕቅድ»። ሐሳቡን ዳይሬክተሩ ያገኙት በመስክ ጉብኝት ላይ በጥልቀት ሲያስቡ ነው ይላል ጽሑፉ። በጥልቀት ሲያስቡ የሚያሳይ ፎቶም አለው። አፍ ዝግ ነው።

ወይዘሮ ጥራት ዕቅዱን የሚያበስር ፊልም ሥሪ አሉኝ። ዘጠኝ ደቂቃ። ፎር ኬ። «መግቢያው ላይ ውሃ ይኑርበት፣ በዝግታ የሚፈስ።»

«ለማን ነው የሚታየው?»

«ለአዳራሹ ነዋ።»

ድሮ ቢሆን አፌን እዘጋ ነበር። ዛሬ፣ «ለአዳራሹ ከሆነ ፎቶ ይበቃል፣ እኔ የቫልቭ ጥገና ቪዲዮውን ልጨርስ» አልኳቸው። ፊታቸውን ጣሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ፎቶ ሆነ።

ትንሽ ኩራት ተሰማኝ። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት አልኩ በሆዴ። ስድስት ሺህ ሰው፣ ኧረ አሁን ዘጠኝ ሺህ ደርሷል...

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 11

ኩራቴ ገደል ገባ። በትክክል ለመናገር ጉድጓድ ገባ።

አክስቴ ደወለች። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ትንሿን ቪዲዮ አይቶ ፓምፑን ፈታ። ሁሉንም ልክ እንደ ጋሼ አደረጉ። የመጨረሻው ብሎን ሲፈታ ዘንጉ ከእጃቸው አመለጠና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሠላሳ ሜትር ታች። ጎማ ይቀየር የነበረ ፓምፕ አሁን ጭራሽ ዘንግ የለውም።

«እንዴት? ጋሼ እኮ በአንድ እጁ ነው የያዘው...»

«ልጄ፣ የናንተ ፓምፕ ከሥሩ ጉድጓድ የለውም።»

ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሲሚንቶ ላይ የቆመች ማሳያ። ዘንጓ ብትወድቅ እንኳ ሁለት ክንድ ነው የምትወርደው።

«አንቺስ? ያንቺ እንዴት አልወደቀም?»

«እኔማ ገመድ አሰርኩበት። ጉድጓድ አፍ ላይ ምን ነገር ሳይታሰር ይፈታል?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

አልጠየቅኳትም። እውነት ነው። ስንት ኪሎቢት እንደሚደርሳት ነው የጠየቅኩት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 12

ለጋሼ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ገመዱን ሳያስበው ነው የሚያስረው። ማሳያዋ ላይ ደግሞ አያስፈልግም... መናገር ረሳሁ።» ከሰዓት በኋላ የወደቀ ዘንግ ማውጫ መንጠቆውን ጭኖ ከሾፌሩ ጋር ወደ ማዶው መንደር ሄደ። የራሱ ፈቃድ ነው። ማንም አላዘዘውም።

እኔ ቪዲዮዋን ከገጹ አነሳሁ። ዘጠኝ ሺህ ሰው ያያት። ስንቶቹ ገመድ አሰሩ?

ለአክስቴ ደጋግሜ ደውዬ ኮረብታው ላይ አገኘኋት። «ያሰርሽበትን በስልክሽ ቅረጪልኝ። እንዳለ። ምንም አታሳምሪ።»

«እኔ? ማን ያየኛል?»

«እጅሽን ብቻ።»

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 14

ደረሰ። ከአክስቴ መንደር ወደ እኛ ለመላክ ደግሞ መስመሩ ከመቀበሉ የባሰ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩን ዛፍ ላይ አሰረችው (ይቺ ሴትዮ የማታስረው ነገር የለም)። ጎረቤቶቿ ተራ ገብተው ጠበቁት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ።

ሦስት ደቂቃ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ነፋሱ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ቀሚሷ አበባ አበባ ነው፣ ኪሎቢቱን እንደ ጉድ ይበላል። አንድ ቦታ ላይ ፍየል ያልፋል። መብራቱም በጀርባ ነው የሚመጣው። በዘጠኝ ዓመቴ ካየሁት ሁሉ የመጨረሻው አስቀያሚ ቪዲዮ ነው።

ግን ገመዱ የት እንደሚገባ፣ ቋጠሮው እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ሌላውን ጫፍ ምን ላይ እንደምታስረው... የሆነ ነገር ልጠይቅ ባልኩ ቁጥር እሷ ቀድማ ትመልሳለች። የዛገ ብሎን አልፈታ ቢል ምን እንደሚደረግም አለ። የኛ ማሳያ ዝገት አያውቃትም።

እጄ መቀሱ ላይ ነበር። ፍየሉን ልቁረጥ? ድምፁን ላጽዳ?... ካጸዳሁት እውነቱም አብሮ ይታጠባል። ለመስመሩ እንዲመች አሳነስኩት፣ ከጋሼ ቪዲዮ ፊት ቀጠልኩት። ከዚያ ውጭ አልነካሁትም።

መጨረሻው ላይ ካሜራውን ወደ ፊቷ አዙራ፣ «ገባችሁ? ያልገባው ለኔ ይደውል» ትልና ስልክ ቁጥሯን ትናገራለች። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ።

ጠየቅኳት። «ቁጥርሽን ቆርጬ ላውጣው?»

«ለምን ይወጣል? እንዲደውሉ ነው እኮ።»

ከነቁጥሯ ገጹ ላይ መለስኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 24

ጋሼ የማዶውን ዘንግ አውጥቶ ተመለሰ። አክስቴን አግኝቷታል። ባርኔጣውን እያሻሸ፣ «ቋጠሮዋ ከኔ ይሻላል» አለኝ። በሚቀጥለው ወር ሌሎች ፓምፕ ጠባቂዎችን ይዘን እሷ ዘንድ ልንሄድ ነው፤ እኔ ካሜራ ይዤ፣ እሱ ሊማር። ወይዘሮ ጥራት የጉዞውን ወረቀት ሲፈርሙ ምንም አላሉም። «ሴትዮዋ ማን ናት?» ብቻ አሉ። አክስቴ ናት አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ «አሠልጣኝ» የሚለው ሥር የዘመዴ ስም ሲጻፍ ያየሁት።

መቼ እንደምንመጣ ልነግራት ከጠዋት ጀምሬ እየደወልኩ ነው። ኮረብታው ላይ አልወጣችም ይሆን ብዬ ነበር መጀመሪያ። አይደለም፣ ወጥታለች። ሰባት ጊዜ ሞከርኩ።

መስመሯ ተይዟል።